የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፤ ታሪክ ነው ወይስ ድርሰት?

ለማስተማር ልምምድ እብናት ወጥተን ሳለ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባለው ፈላስፋ እውነት ነበር?» ብሎ ጠየቀን፡፡ ሁለት ነበርን፡፡ አንዳችን «እንዴታ! የኛው አገር ሰው ነው» አልን፤ ሌላችን «ፈረንጅ የጻፈው ነው ይባላል» አልን፡፡ ልጁ ሁለታችንንም አየና ዝም አለ፡፡ ይህን የጻፍነው ለሱ ዕዳ ስላለብን ነው፡፡

እንዲህ ያለ ክርክር በግሪኮችም ዘንድ አለ፡፡ ፕላቶ ባሕር ዋጣት ስላላት አትላንቲስ ሲተርክ፣ ነገሩ ሶሎን ከግብፅ ካህናት የሰማው እውነተኛ ታሪክ ነው ያሰኛል፡፡ ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት ለትምህርት የፈጠረው ነው ይላሉ፡፡ ቢሆንም ፕላቶ አልነበረም የሚል የለም፡፡ የኛው ይከብዳል፤ የሚጠረጠረው ባለታሪኩ ራሱ ነዋ!

ሐተታው እንደሚለው ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አጠገብ ተወለደ፡፡ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከሶ ሸሸ፤ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት ኖረ፡፡ በኋላ እንፍራዝ ገብቶ በሀብቱ ቤት መጻሕፍት እየጻፈ ልጆች አስተማረ፤ ኂሩትን አገባ፡፡ እንፍራዝ ማለት ከእብናት አዲስ ዘመን ወርደን የጎንደሩን መንገድ ስንይዝ የምናገኛት ናት፡፡

ጥርጣሬው ከየት መጣ? ሁለቱም የሚታወቁ የብራና ቅጂዎች የተገኙት በአንድ ሰው በኩል ነው፤ ይኸውም በበጌምድር ተቀምጦ ግዕዝ በተማረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ፡፡ እሱም በ1850ዎቹ ለአንቷን ዳባዲ ላካቸው፡፡ በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ «ደራሲው ጁስቶ ራሱ ነው» ብሎ ጻፈ፡፡ የጁስቶ የመጀመሪያ ስሙ ያዕቆብ (ጃኮፖ) መሆኑም ነገሩን አጠናከረው፡፡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማረው ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ ተቃወመ፤ የዘርዐ ያዕቆብና የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታዎች የአንድ ሰው እጅ አይደሉም አለ፡፡ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፡፡

እኛን ያስቸገረን አንድ ነጥብ አለ፡፡ ጸሐፊው አሳቡን ከሰው ደብቆ እንደኖረ ራሱ ይነግረናል፡፡ ስለዚህ ሌላ መጽሐፍ ስሙን አለማንሣቱ አያስገርምም፤ ግን ለአስመሳይ ደራሲም ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ የለም! ያው አንዱ ማስረጃ ለሁለቱም ያገለግላል ማለት ነው፡፡ ደግሞስ ጁስቶ ጻፈው ብንል እንኳ፣ ዳዊቱን በቃል የሚያውቅ፣ ቅኔ የገባው ሰው እጁ የለበትም? ግዕዝ ያስተማሩት እኮ የዚሁ አገር ደብተሮች ናቸው፡፡ እነሱን የሚያነሣ ተከራካሪ ጥቂት መሆኑ አልተዋጠልንም፡፡

«የኛው ነው» ያልነው በኩራት እንጂ በማስረጃ አልነበረም፤ «የፈረንጅ ነው» ያልነውም በወሬ፡፡ እብናት ስንመለስ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለን የሁለቱንም ወገን ማስረጃ እንጽፋለን፤ ልጁ ተነሥቶ የትኛው እንደሚያሳምነው ይንገረን፡፡