የኩፍኝ ቫይረስና የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት

የኩፍኝ ቫይረስ በአየር ይተላለፋል። የታመመ ሰው ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ የሚወጣው ቫይረስ፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በቤቱ አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱ ወደ ሕፃን ሰውነት ከገባ በኋላ ሽፍታው እስኪታይ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳምንት ያህል ያልፋል። በእነዚህ ቀናት በሰውነት ውስጥ የሚከናወነውን ማወቅ፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ስለ ክትባት ምእመናንን ሲያስተምሩ ይረዳቸዋል።

ጥቂቶቹ እንዴት ይበዛሉ?

ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እያንዳንዳቸው የሚለዩት አንድን የተወሰነ የባዕድ አካል ምልክት ነው። ስለዚህ ሰውነት ከዚህ በፊት የማያውቀው ቫይረስ ሲገባ፣ ያንን ቫይረስ ለይተው የሚያውቁት ሕዋሳት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከመቶ ሺህ አንድ ወይም ከዚያም ያነሱ ይሆናሉ። ሌሎች ሕዋሳት የቫይረሱን ቁራጭ ተሸክመው በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ወደሚገኙት፣ ሲያብጡም ንፍፊት ወደምንላቸው ዕጢዎች ያደርሳሉ። በዚያም ምልክቱን የሚለየው ሕዋስ ሲያገኘው መከፈል ይጀምራል። አንዱ 2፣ ሁለቱ 4፣ አራቱ 8 እየሆኑ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ በመከፈል፣ በአንድ ሳምንት ገደማ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ሊበዙ ይችላሉ።

ከእነዚህም መካከል ቲ ሕዋሳት በቫይረሱ የተያዙትን ሕዋሳት ይገድላሉ፤ ቢ ሕዋሳት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመነጫሉ። የኩፍኝ ሽፍታም ቲ ሕዋሳት በቆዳ ውስጥ የገባውን ቫይረስ ሲያጠቁ የሚታይ ምልክት ነው። ችግሩ ቫይረሱ የሚቀድም መሆኑ ነው፤ ሠራዊቱ እስኪበዛ ድረስ ሳንባንና አንጀትን ሊጎዳ ይችላል።

ትውስታው የሚቀረው ለማን ነው?

ቫይረሱ ከተሸነፈ በኋላ ከተባዙት ቲ ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የትውስታ ሕዋሳት ሆነው ለዓመታት ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኩፍኝ ወደ ፋሮ ደሴቶች በገባ ጊዜ፣ ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች 6,000 የሚሆኑት ታመሙ። ፒተር ፓኑም የተባለው ዴንማርካዊ ሐኪም ግን በ1781 ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩ አረጋውያን ከ65 ዓመት በኋላ በሽታው እንዳልነካቸው አስተዋለ።

ይሁን እንጂ በሕመም የሚገኝ ትውስታ ዋጋው ከባድ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ስለ ሌሎች በሽታዎች የተከማቹትን የትውስታ ሕዋሳት ጭምር ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ያልተከተቡ ሕፃናት ኩፍኝ ከያዛቸው በኋላ ቀድሞ ከነበሯቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን አጥተው እንደተገኙ አሳይቷል። ስለዚህ ከኩፍኝ የዳነ ሕፃን ከወራት በኋላ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሊሞት ይችላል።

ክትባቱ የተዳከመ ቫይረስ በመስጠት፣ ሕዋሳቱ አስቀድመው እንዲባዙና ትውስታው ያለዚህ ጉዳት እንዲገኝ ያደርጋል። በአገራችን በ9ኛው እና በ15ኛው ወር ይሰጣል።

ከሰበካ ጉባኤያትና ከካህናት ምን ይጠበቃል?

1. የወንድ ልጅ ጥምቀት የሚፈጸምበት 40ኛው ቀን ከ6ኛው ሳምንት ክትባት ጋር ይቀራረባል፤ የሴት ልጅ 80ኛ ቀን ደግሞ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባቶች መካከል ይውላል። ካህኑ በዚያ ዕለት እናቲቱን ስለ ክትባት ካርዱ ቢጠይቃትና ቀጣዩን ቀጠሮ ቢያስታውሳት መልካም ነው።

2. የንስሐ አባቶች ቤተሰቡን ሲጎበኙ፣ ሕፃኑ የ9ኛውንም ሆነ የ15ኛውን ወር ክትባት መውሰዱን ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን የሚዘነጉ ወላጆች አይታጡምና።

3. ሰበካ ጉባኤው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግሮ የክትባት ቀናትን ከቅዳሴ በኋላ ያስነግር።

4. ትኩሳትና ሽፍታ የታየበት ሕፃን ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ በዚያም ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል። ሽፍታው ከወጣ በኋላ ለ4 ቀናት ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ቦታ ይራቅ፤ ጡትና ምግብም አይቋረጥበት። ከዳነም በኋላ የቀሩት ክትባቶች እንዲሟሉለት ወላጆቹ ይመከሩ።