ቀንን ስለ ማስታወስ

ልጆች ሆይ፤ ትናንት የሠራችሁትን ታስታውሳላችሁ። ባለፈው ወር በዚሁ ዕለት ምን እንደ ሠራችሁ ብትጠየቁ ግን ብዙዎቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ያ ቀን የጠፋባችሁ ሌላውን ቀን ስለ መሰለና ምልክት ስላልተደረገበት ነው።

የቀድሞ ሰዎች የተወለዱበትን ዘመን ሲናገሩ፥ «በክፉ ቀን» ወይም «የኅዳር በሽታ በገባበት ዓመት» ይሉ ነበር። ክፉ ቀን የተባለው በ1880ዎቹ ከብት ያለቀበትና ሕዝብ የተራበበት ዘመን ነው፤ የኅዳር በሽታም የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው። መከራ ሳይጽፉት ይታወሳል። እናት እንጀራ ጋግራ ልጆችዋን ያበላችበት፥ ጎረቤትም በደቦ አብሮ ያጨደበት የሰላም ቀን ግን ካልጻፉት ይረሳል። ከሰው ዕድሜ የሚበዛው ደግሞ እንዲህ ያለው ቀን ነው።

ስለዚህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በደብተራችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። አስቀድማችሁ ዕለቱን፥ ቀጥላችሁም ያን ቀን ከሌላው የሚለየውን አንድ ነገር አስፍሩ። «ደኅና ዋልሁ» ብቻ አትበሉ፤ ይህ ለቀኑ ሁሉ ይሆናልና። «መጋቢት 12 ቀን አባቴ ሞፈር መጥረብ አሳየኝ» ብትሉ ግን ቀኑ ከነአባታችሁ ይኖራል። መጻፍ ያልተማረ ታናሽ ለእናቱ ይንገራት። ዓመቱም ሲፈጸም፥ በጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀኖች ውስጥ፥ የጻፋችሁትን ለቤተ ሰባችሁ አንብቡ።

ጥያቄ።
1. ክፉ ቀን ሳይጻፍ የሚታወሰው ስለ ምንድን ነው?
2. የዛሬን ቀን ከትናንት የሚለየው ምንድን ነው? በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።