አዳኝ የሚገዛው ምንድን ነው? የኒያላ፣ የሳላና የጎሽ አደን ሲነጻጸር፤ ለላስታ ደጋስ ምን ያስተምራል?

ሙጃ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብርዷ የታወቀ፣ ገበያዋም በበግና በገብስ የሚደምቅ የሰሜን ወሎ ደጋ ናት። በአቅራቢያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,200 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከነሰንሰለቱ ተዘርግቷል። በተራራው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ጭላዳ በመንጋ ይግጣል። እንግዲህ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ የሙጃ ነጋዴ፣ «የባሌና የአርሲ ሰው አውሬውን ለውጭ አዳኝ በዶላር ሲሸጥ እኛ የምንከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ነውና መልሱም በገበያ ቋንቋ መሰጠት ይኖርበታል። ለዚህም አስቀድሞ አዳኝ ገንዘቡን የሚያወጣው ለምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ለሥጋ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሥጋማ ከልኳንዳ ቤት በርካሽ ይገኛል። አንዱ አውሬ ከሌላው የሚለይበትን ነጥብ እየነጠልን እንመልከት።

የጥንቱ ሚዛን

በአባቶቻችን ዘመን የአደን ዋጋ በክብር ይለካ ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን፣ አውራሪስ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው «ገዳይ» ተብሎ ይፎክራል፤ ፀጉሩን በቅቤ ይቀባል፤ ሎቲ ያስራል። ያ ሚዛን በአደገኛነት ላይ የቆመ ነበር፤ አውሬው የሚያስፈራ በሆነ መጠን የገዳዩም ስም ይገዝፋል። ሚዳቋ የገደለ ሰው ምሳውን አገኘ እንጂ አይፎክርም።

የዛሬው የሳፋሪ ገበያ ሚዛን ግን ሌላ ነው። አደገኛነት ዋጋ አለው፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ቦታ ለቋል። በእርሱ ፈንታ የገባው ብርቅነት ነው። ይህንን ለመረዳት ከራሳችን አውሬ መጀመር ይበቃል።

ኒያላ፦ የደጋው ትዕግሥት

ኒያላን አብዛኛው የከተማ ሰው የሚያውቀው በኢንሹራንስ፣ በሞተርስና በሲጋራ ስም፣ እንዲሁም በ10 ሳንቲም ላይ ባለው ምስሉ ነው። የደጋ አጋዘን የሚባለው ይኸው እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ውስጥ ቢሆን መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያሉት የአርሲና የባሌ ደጋዎች ናቸው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በአርሲ ገድሎ ወደ አገሩ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የእንስሳት ሊቁ ሪቻርድ ላይደከር በሳይንስ መዝገብ አሰፈረው። ከአፍሪካ ትላልቅ የአጋዘን ዘሮች ሁሉ በሳይንስ የታወቀው በመጨረሻ ነው።

ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ የተጠማዘዘው ቀንዱ በዙሪያው ሲለካ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አደኑ የሚካሄደው በተራራ ላይ፣ በአስታ ቁጥቋጦና በጥድ ጫካ ውስጥ ነው። ኒያላ ቀን ቀን ጥቅጥቅ ባለው አስታ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። አዳኙ በበቅሎ ወይም በፈረስ ተጉዞ ከወዲህኛው ሸንተረር ላይ ይቀመጥና ወዲያኛውን በመነጽር ሲመረምር ይውላል። ጉም ሲወርድ ቀኑ ባዶ ያልፋል። አንዱን ሽማግሌ ወንድ ለማግኘት ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላም ባዶ እጁን የሚመለስ አለ።

እዚህ ላይ አደጋ የሚባል ነገር የለም። ኒያላ ሰው አያባርርም። ነገር ግን የዓለም አዳኝ ሁሉ ይመኘዋል፤ በኢትዮጵያ የአደን ፈቃድ ክፍያ ዝርዝርም ውስጥ ከውዶቹ ተርታ ይመደባል። ምክንያቱም ሻጩ አንድ አገር ብቻ ነው፤ ዕቃውም ጥቂት ነው።

በዚያው ጫካ የምኒልክ ድኩላም ይገኛል። ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ከኒያላ እጅግ ያነሰ፣ ሲደነግጥ እንደ ውሻ የሚጮህ እንስሳ ነው። ብዙ አዳኞች እግረ መንገዳቸውን በተጨማሪ ፈቃድ ያድኑታል። በንግድ አነጋገር ኒያላ ዋናው ዕቃ ሲሆን ድኩላው ምራቂ ነው ማለት ይቻላል።

ሳላ፦ የቆላው ዓይን

ከደጋው ወርደን አፋር ስንገባ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሳላ በገላጣ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ከሩቅ ይታያል። አዳኙ ከሩቅ ያየዋል፤ ሳላውም አዳኙን ከሩቅ ያየዋል። ስለዚህ ችግሩ ማግኘቱ ሳይሆን መቅረቡ ነው። መከለያ በሌለበት ሜዳ በደረት መሳብ፣ ሙቀቱን መቋቋም፣ ርቀትን በትክክል መገመት ያስፈልጋል።

ሌላም ፈተና አለ። ሳላ ሴቷም ወንዱም ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ አላቸው፤ እንዲያውም የሴቷ ቀንድ ብዙ ጊዜ ቀጠን ብሎ ይረዝማል። ሕጉ ዕድሜው የገፋ ወንድ እንዲመረጥ ስለሚፈልግ፣ አብሮት ያለው ባለሙያ አዳኝ ካልለየለት እንግዳው በቀላሉ ይሳሳታል። በኢትዮጵያ የውጭ አገር አዳኝ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝ ሳይኖር የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሳላ አደን ከኒያላው ባጠረ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፤ እንስሳውም በጎረቤት አገሮች ስለሚገኝ የኒያላን ያህል ዋጋ አይቆረጥለትም።

ጎሽ፦ አደጋው የበዛ፣ ዋጋው ያልበዛ

ጎሽ በሌላው የአፍሪካ ክፍል የሳፋሪ ንግድ የዕለት እንጀራ ነው። ከ700 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ቆስሎ ካመለጠ ከቁጥቋጦ ውስጥ አድብቶ አዳኙን የሚጠብቅ በመሆኑ በብዙ አገሮች ከ.375 ካሊበር በታች በሆነ ጠመንጃ እንዳይመታ በሕግ ተደንግጓል። አዳኙ ኮቴ እየተከተለ፣ ነፋሱን እየተጠነቀቀ በእግሩ ይጓዛል፤ የሚተኩሰውም በጣም ቀርቦ ነው። በአገራችን ጎሽ እንደ ጨበራ ጩርጩራና ማጎ ባሉ ብሔራዊ ፓርኮች ይገኛል፤ በፓርክ ውስጥ ግን አደን ክልክል ነው።

ታዲያ ሰው የሚገድለው ጎሽ፣ ሰው ከማይነካው ኒያላ በዋጋ የሚያንሰው ለምንድን ነው? በታንዛኒያ፣ በዚምባብዌና በሌሎችም አገሮች በብዛት ስለሚገኝ ነው። አቅራቢው ብዙ ነው፤ ገዢው ያማርጣል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ጎሽ ሳይቀር በአጥር ውስጥ እየተረባ እንደ ከብት በጨረታ ይሸጣል። በዚያ አገር በአጥር ያለ አውሬ የባለ እርሻው ንብረት ሲሆን፣ በእኛ አገር አውሬ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። የንግዱን መልክ የሚለውጠው ይህ ልዩነት ነው።

ብርቅነት ሲበዛ ገበያው ይዘጋል

እስካሁን ያየነው «ባነሰ ቁጥር ይወደዳል» የሚለውን ነው። ጫፉን የሚያሳየን የናሚቢያው ጥቁር አውራሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አንድ አውራሪስ ለመግደል የሚያስችል ፈቃድ በአሜሪካ ዳላስ ከተማ በጨረታ 350,000 ዶላር ወጣ። ሆኖም ጨረታው በዓለም ዙሪያ ከባድ ተቃውሞ አስነሣ። በቀጣዩ ዓመት በዚምባብዌ «ሲሲል» የተባለው አንበሳ በአዳኝ ሲገደል ቁጣው ስለበረታ፣ ትላልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች የአንበሳ፣ የዝሆንና የመሰሎቻቸውን ቀንድና ቆዳ አንጭንም አሉ።

የመንግሥታት ውሳኔም ገበያውን ባንድ ቀን ሊዘጋው ይችላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከለከለች፤ እስካሁንም አልከፈተችም። ቦትስዋና በ2014 ዘግታ በ2019 መልሳ ከፈተች። በዚህ ንግድ ካፒታሉን የሚያስር ሰው ይህን ሥጋት ከሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ወደ ላስታ ስንመለስ

አሁን የሙጃውን ነጋዴ ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ያለው በጣት የሚቆጠር መንጋ ነው። የኒያላ አደን የሚፈቀደው በቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ዘር ከመተካት ያለፉ ጥቂት ሽማግሌ ወንዶች በኮታ ይወሰናሉ። ቀይ ቀበሮ ግን ትርፍ የለውም። አንዱ ሲጎድል መንጋው ይናጋል። ስለዚህ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል። የነጋዴ ምሳሌ ካስፈለገ፣ ኒያላን ማደን ከወለድ ላይ መብላት ሲሆን ቀበሮን መግደል ዋናውን መብላት ነው።

ዋናውን የበላ አገር ምን እንደሚገጥመው ከሰሜን ተራሮች መማር ይቻላል። ዋልያ ከስሜን በቀር በየትም የለም። ጠመንጃ ሲበዛ፣ እርሻና ግጦሽም ሽቅብ ሲገፋ ቁጥሩ ወርዶ በመቶዎች ቀረ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ።

እንግዲህ ለላስታ የሚቀረው ገበያ አውሬውን ማሳየት ነው። አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል የተወሰደ ነው እንጂ የማንም ታሪፍ አይደለም። አንድ አዳኝ ለአንድ እንስሳ 10,000 ዶላር ቢከፍል፣ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ይገባል፤ እንስሳውም ያልቃል። ጎብኚ ለማየት 10 ዶላር ቢከፍል፣ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት 1,000 ጎብኚ ያስፈልጋል፤ እንስሳው ግን በሕይወት ይተርፋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይሸጣል። አዳኝ አንድ ሰው ሆኖ ሩቅ ጫካ ድረስ ይሄዳል፤ ጎብኚ ግን መንገድ፣ ማደሪያና ሰላም ይፈልጋል። ላሊበላ ቅርብ መሆኗ ለላስታ ትልቅ ዕድል ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ ለእነርሱ የመጣ ሰው አንድ ቀን ጨምሮ ተራራውን ሊወጣ ይችላል።

ድካሙን ግን መደበቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ሲመጣ የላሊበላ ጎብኚ ክፉኛ ቀነሰ፤ ሆቴሎች ባዶ ቀሩ። ጎብኚ በማይመጣበት ጊዜ እረኛው ለቀበሮው የሚያስብበት ምን ምክንያት አለው? መልሱን የመንዝ ጓሳ ያሳየናል። በዚያ የአካባቢው ሕዝብ ከዘመናት በፊት በመሠረተው የቄሮ ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ፣ በተወሰነ ወቅት ከፍቶ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይጠቀምበታል። ጎብኚ ቢመጣም ባይመጣም ሣሩ ጥቅም ስለሚሰጥ መሬቱ ይጠበቃል፤ ቀበሮውም በዚያው ይተርፋል። ገቢን በአንድ ገዢ ላይ አለማንጠልጠል ማለት ይህ ነው።

ወጪውም ቢሆን ሁልጊዜ ከባድ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥ ነው፤ በብዛት የሚፈጀው ከእረኛ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የሙጃ በግ አርቢ ውሻውን ቢያስከትብ መንጋውንም፣ ቤተሰቡንም፣ ተራራውንም ጠበቀ ማለት ነው።

ለባለሀብቱና ለደላላው

በአደን ንግድ ለመግባት የሚያስብ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ። አንደኛ፣ የእንስሳው ቆጠራ መቼና በማን ተደረገ? ያለ ቆጠራ የተሰጠ ኮታ ነገ ይሰረዛል። ሁለተኛ፣ እንስሳው ሌላ አቅራቢ አለው ወይስ የኢትዮጵያ ብቻ ነው? ሦስተኛ፣ ከፈቃድ ክፍያው አብዛኛው ለክልል መንግሥት ሲገባ የጫካው ዳር ነዋሪ ምን ይደርሰዋል? ምንም ካልደረሰው ጫካው በመጥረቢያ ያልቃል፤ ውሉም ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አራተኛ፣ እንግዳው ያደነውን ወደ አገሩ ለማስገባት ሕጉ ይፈቅድለታል?

የነብር ቆዳ ወይም የዝሆን ጥርስ በጓሮ ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ አይነካም። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 ታግዷል፤ መንግሥትም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በእሳት አቃጥሏል። የሚቃጠል ዕቃ ገዝቶ የከበረ ነጋዴ የለም።

የሙጃው ነጋዴ እናት በግን ለዕለት ገንዘብ ብሎ ለቢላ አይሰጥም፤ ግልገሉን ይሸጣል፤ እናቲቱን ያቆያል። በተራራው ላይ ያለውም ሀብት የሚተዳደረው በዚሁ እርሱ በሚያውቀው ደንብ ነው።