የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር አሠራር፤ ለነዋሪውና ለገዥው

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤት ወይም ሱቅ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር በአንድነት ይገዛል። አንደኛው በሩን ቆልፎ የሚወጣበት፣ በስሙ የሚመዘገብለት ክፍል ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ልብ ሳይባል የሚቀር ሲሆን፣ ይኸውም በጣራው፣ በደረጃው፣ በአሸንዳው፣ በፍሳሹ መስመር፣ በግቢውና በመሠረቱ ላይ ከጎረቤቶቹ ጋራ ያለው ድርሻ ነው። ነጋዴ እህል ሲገዛ ጆንያውን አስፈትቶ፣ እፍኝ ዘግኖ አይቶ ነው የሚገዛው፤ ሱቅ ሲገዛ ግን ቁልፉን በመቀበል ብቻ ረክቶ የሚሄደው ጥቂት አይደለም። ከገባ በኋላ መዋጮ ሲጠየቅ ማን እንደሚጠይቀውና በምን ሥልጣን እንደሚጠይቀው ሳያውቅ ይከራከራል።

ነገሩ ለአገራችን ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሕንፃ በፎቅ ወይም በክፍል ተከፋፍሎ የልዩ ልዩ ሰዎች ሀብት ሊሆን እንደሚችል ደንግጎ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። አዋጁ የጋራ ሕንፃ ያለው በተናጠል የተያዙ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ሲሆን፣ ወደ ላይ የተሠራውንም፣ በተርታ የተሠራውንም ያጠቃልላል። ከዚያ በኋላ በገርጂ፣ በጎፋ፣ በልደታ፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ቦታዎች የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስለተሠሩ፣ በወረቀት የነበረው ሕግ የብዙ ሺህ ቤተ ሰብ የዕለት ጉዳይ ሆነ።

በአዋጁ መሠረት የሕንፃው ሁኔታና የእያንዳንዱ ባለቤት ድርሻ ተገልጾ ሲመዘገብ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይቋቋማል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው በስሙ ውል ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳልም። አንዳንዱ ሰው ማኅበሩን ከዕድር ጋራ ሲያመሳስለው ይሰማል። ዕድርተኛ ቅር ካለው ዕድሩን ትቶ ሌላ ሊገባ ይችላል፤ ከዚህኛው ማኅበር ግን ቤቱን ሳይሸጡ መውጣት የለም። አባልነቱ ከቤቱ ጋራ ተያይዞ ለገዥ ይተላለፋል። ተከራይ አባል አይደለም፤ ነገር ግን የሚኖረው በማኅበሩ ደንብ ሥር ስለሆነ፣ አከራዩ ደንቡን ከኪራይ ውሉ ጋራ አያይዞ ቢሰጠው ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

የማኅበሩ የበላይ አካል የባለቤቶቹ ጠቅላላ ጉባዔ ነው። ጉባዔው የዕለቱን ሥራ የሚመራውን ቦርድ፣ ሰው በልማድ ኮሚቴ የሚለውን፣ እንዲሁም ሒሳብ የሚመረምረውን ኦዲተር ይመርጣል። አሠራሩ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጉባዔ ሲጠራ የሚገኘው ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው፤ ግማሹ ቤቱን አከራይቶ በሌላ ሰፈር ወይም በውጭ አገር ይኖራል፣ ሌላው ሥራ አለብኝ ይላል። ከጉባዔ የቀረው ሰው ደግሞ በኋላ በውሳኔው ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚያማርር ነው። በውጭ አገር የሚኖር ባለቤት ስለ ስብሰባና ስለ ድምፅ በግልጽ የሚናገር ውክልና ቢልክ፣ ኪራይ ለሚሰበስብለት ሰው ከሚሰጠው ውክልና ያላነሰ ይጠቅመዋል።

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚያስፈልገው ገንዘቡን ነው። መዋጮው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለዘበኛ፣ ለጽዳት፣ ለመብራት የሚወጣው የየወሩ ወጪ ሲሆን፣ ሁሉም በቶሎ ይረዳዋል። ሁለተኛው ለወደፊት ጥገና የሚቀመጠው መጠባበቂያ ነው፤ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ እኩል ድርሻ ያላቸው 20 ቤቶች ያሉበት ሕንፃ 120,000 ብር የሚያወጣ የውሃ ፓምፕ ቢኖረውና ፓምፑ 10 ዓመት ያገለግላል ቢባል፣ እያንዳንዱ ቤት በወር 50 ብር ቢያስቀምጥ ገንዘቡ በጊዜው ይሞላል። ያልተቀመጠ እንደሆነ ግን ፓምፑ በተቃጠለበት ቀን እያንዳንዱ 6,000 ብር አምጣ ይባላል፤ ያለው ይሰጣል፣ የሌለው ይዘገያል፣ ውሃ ግን ለሁሉም ይቋረጣል። ለነጋዴ ይህ ለመኪናና ለማሽን ከሚይዘው የእርጅና ቅናሽ ጋራ አንድ ሐሳብ ነው። የዕቃ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚጨምር ግን ስሌቱ በየዓመቱ መታረም አለበት።

በምድር ቤት ሱቅ ያለው ባለቤት «ደረጃ አልወጣ፣ ስለምን ለደረጃ እከፍላለሁ?» ሲል የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። መዋጮ የሚከፈለው እንደ ድርሻ እንጂ እንደ አጠቃቀም ስላልሆነ፣ ደንቡ ሌላ ካላለ በቀር ክርክሩ አያዋጣውም፤ ከላይ ያለውም ጣራ የእርሱን ዕቃ ከዝናብ ይጠብቅለታል። በሌላ በኩል ምግብ ቤት ወይም የመኪና ማጠቢያ ከፍቶ ውሃ እንደ ወንዝ የሚያፈስ ሰው ከሌላው ጋራ እኩል ልክፈል ቢል የሚያስቅ ነው፤ የራሱን ቆጣሪ ሊያስገባ ይገባዋል። የሱቁን በር ለማስፋት የሕንፃውን ምሰሶ የሚነካውን ባለቤት ግን ማኅበሩ በምንም ምክንያት ሊታገሠው አይገባም፤ ምሰሶው የእርሱ ብቻ አይደለምና።

ጥገናን ማዘግየት እስከ ምን እንደሚያደርስ በአሜሪካን አገር፣ በፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ በተባለች ከተማ የደረሰው ነገር ያስረዳል። ቻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የሚባለው ባለ 12 ፎቅ የጋራ ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር። በ2018 አንድ መሐንዲስ በመዋኛው ወለል ሥር ውሃ የሚከላከለው ሥራ መበላሸቱንና ኮንክሪቱ መጎዳቱን ለማኅበሩ በጽሑፍ አስታወቀ። ባለቤቶቹ ስለ ወጪው ሲከራከሩ ጊዜው አለፈ፤ በመጨረሻ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ልዩ መዋጮ እንዲከፈል ተወሰነ። ጥገናው ሳይፈጸም ሰኔ 24 ቀን 2021 ሌሊት የሕንፃው ከፊል ፈርሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ለመፍረሱ የሥራውም ጉድለት የሚነሣ ሲሆን፣ የፍሎሪዳ ሕግ አውጪዎች በ2022 ለአሮጌ ሕንፃዎች ምርመራንና የመጠባበቂያ ገንዘብን የሚያስገድድ ሕግ አወጡ።

እንግዲህ ገዥው ውል ከመፈረሙ በፊት ከሻጩ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት የሒሳብ ሪፖርትና የቅርብ ጊዜዎቹን ቃለ ጉባዔዎች ይጠይቅ። በተለይ ቃለ ጉባዔው ብዙ ይናገራል፤ ስለ ጣራ መፍሰስ በሦስት ስብሰባ ተነሥቶ በሦስቱም ከተላለፈ፣ ወጪው የሚጠብቀው አዲሱን ባለቤት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ግዛት ሻጩ የማኅበሩን ሰነዶች ለገዥው እንዲያስረክብ ሕጉ ያዛል፤ ገዥውም አንብቦ ካልተስማማው በተወሰኑ ቀኖች ውስጥ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። በእኛ አገር ገዥው ራሱ ጠይቆ ማግኘት አለበት። ማኅበሩ በማኅተሙ አረጋግጦ ቤቱ የመዋጮ ዕዳ እንደሌለበት የሚጽፈው ደብዳቤም ከመብራትና ከውሃ ደረሰኝ ጋራ ይያያዝ። ከሽያጩ በፊት ተወስኖ ገና ያልተከፈለ ልዩ መዋጮ ካለ፣ ሻጩ ወይስ ገዥው እንደሚከፍለው በውሉ ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፍ። ሻጩ ይህን መስመር ለማስገባት ካመነታ፣ ገዥው ቀብዱን ከመስጠቱ በፊት የማኅበሩን ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ራሱ ሄዶ ያነጋግር።