ለጥቂት ቀናት ዋሽንግተን ዲሲ ሲኬድ የት ይታደራል?

የዋሽንግተን ዲሲ ማደሪያዎች በሦስት አስተዳደሮች ሥር ተበትነዋል፤ በራሷ በከተማዋ፣ በሜሪላንድ እና ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ። ከለንደን፣ ከቶሮንቶ ወይም ከሚኒያፖሊስ ለሠርግ፣ ለለቅሶ አለዚያም ከተማዋን ለማየት ለሦስት አራት ቀን የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ካርታውንና የአዳሩን ዋጋ ነው። ሁለቱም ያሳስታሉ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ድልድዮቹ ላይ የሚቆመው የመኪና ሰልፍ ጥቂት ማይሉን የአንድ ሰዓት መንገድ ሊያደርገው ይችላል፤ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደረ ግን ራቅ ካለ ሰፈርም ቢነሳ በሰዓቱ ይደርሳል። ስለዚህ ምርጫው ከሜትሮ ይጀምራል። ሜትሮ በቀለም የሚጠሩ ስድስት መስመሮች አሉት። ሒሳቡ በስማርትሪፕ ካርድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ደግሞ በባንክ ካርድም ይከፈላል። ከጣቢያ በእግር ከአሥር ደቂቃ የማይርቅ ማደሪያ ጥሩ ነው፤ «ከሜትሮ አምስት ደቂቃ» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ ግን በእግር ይሁን በመኪና መጣራት አለበት።

አድራሻ ሲነበብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲሲ ካፒቶልን መነሻ አድርጋ በአራት የተከፈለች ከተማ ስለሆነች፣ ያው የመንገድ ስምና ቁጥር በሰሜን ምዕራብም በደቡብ ምሥራቅም ሊኖር ይችላል። አድራሻው መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት የዘለለ እንግዳ ከተማዋ ሌላ ጫፍ ላይ ይወርዳል። በከተማዋ ዳርቻ ያለው ችግር ሌላ ነው። በፖስታ አድራሻ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባለው የሜሪላንድ አካባቢ ከሜትሮ ጣቢያው ወደ ሰሜን ብዙ ማይል ይዘልቃል፤ በቨርጂኒያ በኩል አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ያላቸው ብዙ ሰፈሮችም ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ውጭ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ስማቸው ላይ «ዋሽንግተን» ያለባቸው አንዳንድ ሆቴሎች ደግሞ ከመሃል ከተማ 26 ማይል በሚርቀው በደለስ ኤርፖርት ዙሪያ ይገኛሉ።

ከተማዋን ለማየት ብቻ የመጣ ሰው መሃል ከተማ ቢያድር ይሻለዋል። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ነው፤ አብዛኞቹም ናሽናል ሞልን ግራና ቀኝ ይዘው የተሠሩ ስለሆኑ በእግር ይዳረሳሉ። ለሞሉ በጣም የሚቀርበው የላንፋንት ፕላዛ ዙሪያ ግን የመሥሪያ ቤት ሰፈር ነው፤ ሠራተኛው ሲወጣ ጭር ይላል። ማምሸት የሚወድ ዩ ስትሪትንና ሻውን ይመርጣል፤ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው ግን ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት እዚያ አይመከርም። ጆርጅታውን ያምራል፣ ሜትሮ ግን የለውም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሮዝሊንና ክሪስታል ሲቲ ብዙ ጊዜ በዋጋ ይሻላሉ። ሮዝሊን ሦስት መስመሮች የሚያልፉበት ሲሆን ቀጣዩ ጣቢያ ዲሲ ውስጥ ነው፤ ክሪስታል ሲቲ ደግሞ ከሬገን ናሽናል ኤርፖርት አንድ ጣቢያ ብቻ ይርቃል። ሁለቱም የቢሮ ሰፈሮች ናቸው። ሆቴሎቻቸውን የሚሞላው በሥራ ቀናት የሚመጣ መንገደኛ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ይወርዳል።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች በብዛት የነበሩት በአዳምስ ሞርጋን፣ በኋላም በዩ ስትሪትና በ9ኛው ጎዳና ነበር። ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ ዳርቻው ወጡ። ዛሬ ምግቡንና መጓጓዣውን አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ መሃል የሚሻል ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከጣቢያው በእግር የሚደረሱ የሐበሻ ቤቶች አሉ፣ ሬድ ላይን ደግሞ ሳያስቀይር ዩኒየን ስቴሽን ያደርሳል። በአሌክሳንድሪያ ምዕራብና በስካይላይን በኩል ያሉት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ግን ከሜትሮ ራቅ ይላሉ፤ እዚያ የሚያድር መኪና ያስፈልገዋል። ለእሁድ ቅዳሴ የሚነሳም ባቡሩ ቅዳሜና እሁድ ከሥራ ቀናት ዘግይቶ እንደሚጀምር ቢያውቅ ጥሩ ነው። ባቡር በሌለበት ሌሊት የሚወጣ በታክሲ መሄድ ይችላል፤ ሾፌሩ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን በዚህች ከተማ የሚያስገርም አይደለም።

ዋጋ እጅግ የሚወደደው ከቶኪዮ በ1912 የተበረከቱት የቼሪ ዛፎች በሚያብቡበት፣ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም፣ ጾመኛ ለእንቁላልና ለቋሊማ ቁርስ ተጨማሪ ከሚከፍል ማብሰያ ያለው ክፍል ቢይዝ ያዋጣዋል። ኮንግረስ እረፍት በሚወጣበት በኦገስት፣ እንዲሁም የፕሬዚዳንት በዓለ ሲመት በሌለበት ጃንዋሪ ዋጋው ይቀንሳል። በዲሲ የሆቴል ግብር ወደ 16 በመቶ ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ አስገዳጅ ክፍያዎች ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ ያዛል፤ ግብሩ ግን ኋላ ሊደመር ይችላል። የመኪና ማቆሚያም ለብቻው ነው፤ መሃል ከተማ ለአንድ ሌሊት 50 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ሆቴሎች ብዙ ናቸው። ዘመድ በራሱ ካርድ ለእንግዳ ክፍል ሲይዝ አስቀድሞ ለሆቴሉ መናገር አለበት፤ የካርዱ ባለቤት በአካል ካልቀረበ እንግዳው መግቢያው ላይ ሊቆም ይችላል። መያዣው በዴቢት ካርድ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ለቀናት ታግዶ ይቆያል።

ለሠርግ በቡድን ለሚመጣ ቤተሰብ ሙሉ ቤት መከራየት ከሦስት የሆቴል ክፍል ሊረክስ ይችላል። በዲሲ ቤቱን ለአጭር ጊዜ የሚያከራይ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የፈቃድ ቁጥር ያልተጻፈበት ማስታወቂያ ቢታለፍ ይሻላል።

ዘመድ ቤት ማረፍ ወጪ ይቀንሳል፣ ሆቴል መያዝም ቅሬታ ሊያመጣ ይችላል። ይሁንና ዘመዱ ዉድብሪጅ ወይም ማናሳስ የሚኖር ከሆነ እዚያ ሜትሮ አይደርስም፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው እንግዳ ለማመላለስ ከሥራ መቅረት ግድ ይሆንበታል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጣቢያ አጠገብ፣ የዘመዱን የዕረፍት ቀን ደግሞ እሱ ቤት ማሳለፍ ለሁለቱም ይቀላል።

የመጨረሻው ሌሊት እንደ በረራው ይወሰናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ነው፤ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ሲልቨር ላይን እዚያ ይደርሳል፣ ወደ መሃል ከተማም አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከባልቲሞር ኤርፖርት የሚነሳ በማርክ ወይም በአምትራክ ባቡር ከዩኒየን ስቴሽን መሄድ ይችላል። በረራው ባቡር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ ኤርፖርቱ አጠገብ ማደር ይሻላል፤ እዚያ ያሉ ብዙ ሆቴሎች ነጻ የማመላለሻ መኪና አላቸው፣ ክፍሉ ከመያዙ በፊት ግን መኪናው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።