ልምድ ቁጭ ብለህ አይመጣም!

ለንደን ወይም በርሚንግሃም ቢሮ ውስጥ ፋይል ስታስተካክል ትውላለህ? “ምነው ፓራፕላነር በሆንኩ” ብለህስ ታውቃለህ?

ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

“ልምድ የለኝም” እንዳትለኝ! ልምድ ይዞ የተወለደ የለም።

ሥራው ይህ ነው፦ የፋይናንስ አማካሪው ከደንበኛው ጋር ይነጋገራል። ፓራፕላነሩ ከጀርባ ሆኖ የጡረታ ሰነዱን ይመረምራል፣ ክፍያዎችን ያነጻጽራል፣ ምክሩ ለዚያ ደንበኛ ለምን እንደሚስማማ ሪፖርት ይጽፋል። በአውትሶርስ ሲሆን ለብዙ አማካሪዎች፣ ብዙ ጊዜም ከቤትህ ሆነህ ትሠራለህ።

ደስ ይላል፣ አይደል? ግን በዚያ አትጀምር! ከውጭ ሪፖርት የሚያሠራ አማካሪ ያለቀ ሥራ ነው የሚፈልገው። ቁጭ ብሎ አያስተምርህም።

መጀመሪያ አማካሪ ቢሮ ግባ። በጸሐፊነት ቢሆንም ግባ! ደንበኛው የፈረመውን የፈቃድ ደብዳቤ ለጡረታ ኩባንያዎች ትልካለህ፤ መልሱ እስኪመጣ ስልክ ትደውላለህ። አሰልቺ ነው? በጣም! ነገር ግን የድሮ ጡረታ ወረቀት ማንበብ የምትማረው እዚያ ነው። አንዳንዱ የድሮ ውል ዛሬ በገበያ የማይገኝ፣ ዋስትና ያለው የጡረታ ክፍያ ተመን አለው። ያንን ሳያይ “ገንዘቡ ይዛወር” ብሎ የጻፈ ሰው ደንበኛውን ዕድሜ ልኩን ያስከፍለዋል። አንተ ግን ታየዋለህ፤ ስንቱን ወረቀት አገላብጠሃላ!

ከዚያ ጠይቅ። “ቀላሉን ሪፖርት እኔ ልሞክረው?” በል። ከግብር ነፃ በሆነው በአይሳ (ISA) ቁጠባ ጀምር፤ የዓመቱ ጣሪያ 20,000 ፓውንድ ነው፣ ነገሩ ግልጽ ነው። አማካሪው ገጹን በቀይ እስክሪብቶ ቢሞላው አትከፋ። እርማቱን አስቀምጠው፣ ሁለተኛ አትድገመው። ቀጥሎ የጡረታ ዝውውሩን ጠይቅ።

ቢሮ እስኪገኝስ? እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ! የቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት የፋይናንስ ዕቅድ ዲፕሎማ አር06 የሚባል የጽሑፍ ፈተና አለው፤ ጥያቄዎቹ በደንበኛ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ያለፉትን ታሪኮች ፈልግና ሪፖርት ጻፍባቸው። አማካሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ወዲህ በዚህ ዲፕሎማ ደረጃ መመረቅ ግዴታቸው ነው። ምክር የማይሰጥ ፓራፕላነር ግን በሕግ አይገደድም፤ ዲፕሎማው ቢኖርህ ግን ቀጣሪ ይወድልሃል። (ሰርተፊኬት እየደረደሩ አንድ ገጽ ሪፖርት ያልጻፉ ሰዎች ግን በዝተዋል። ከእነሱ አትሁን።)

አንድ ነገር አደራ! የእውነተኛ ደንበኛ ሰነድ ናሙና ብለህ ለማንም አታሳይ። ሥራህን ባየሃቸው ሳይሆን በፈጠርካቸው ደንበኞች አሳይ።

ዛሬ ማታ አንዷን ፍጠር፦ 58 ዓመቷ፣ ሁለት የድሮ ጡረታ ያላት፣ በ65 ሥራ ማቆም የምትፈልግ ሴት። ምን ትመክራታለህ? ለምን? ሁለት ገጽ ጻፍላት፤ ነገ ማመልከቻህን ላክ!