ብርሃን በብዛት የሚያስገባ የዙም ሌንስ በመጠነኛ ዋጋ ስለ መምረጥ

በዛሬው ጊዜ የነጋዴ ዕቃ ገበያ የሚወጣው አስቀድሞ በፎቶግራፍ ነው። በውጭ አገር ያለው ገዢ ናሙናው ሳይደርሰው ሥዕሉን ተመልክቶ ዋጋ ይሰጣል፤ አለዚያም ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ስለዚህ የሌንስ ምርጫ የፎቶግራፍ አንሺ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

እኔ የሸማ ልብስ ወደ ውጭ በሚልኩ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገዢ ሸማኔዎቹ በሥራ ላይ ሳሉ ተነሥተው ፎቶግራፋቸው እንዲላክለት ጠየቀ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ብርሃን በማይበዛበት ቤት ውስጥ፥ ከካሜራው ጋር አብሮ በተሸጠልን ሌንስ ያነሣሁት ሁሉ የሸማኔው እጅና መወርወሪያው ደብዝዞ ወጣ። ገዢውም ሌላ እንድንልክ አሳስቦ ትእዛዙን አቆየው። ከዚህ በኋላ ያገኘሁትን ዕውቀት ለአንባብያን ይጠቅም ዘንድ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ? በሌንሱ ላይ 18-55 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው የትኩረቱ ርዝመት ነው፤ ይኸውም የማቅረብና የማራቅ ኃይሉን ያስረዳል። ቀጥሎ ያለው 3.5-5.6 ደግሞ የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ ይመለከታል። ይህ ቁጥር የሚገኘው የትኩረቱ ርዝመት ለቀዳዳው ወርድ ሲካፈል ስለ ሆነ፥ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። በ50 ሚሊ ሜትር ላይ የ5.6 ቀዳዳ ወርዱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ2.8 ግን 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወርዱ እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ5.6 የሰከንድ 1/15ኛ የሚጠይቀው ሥዕል በ2.8 በሰከንድ 1/60ኛ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው ሌንስ «ፈጣን» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፤ በእርግጥ ያስፈልጋልን? ጫማ፥ ሰሃን ወይም ቡና በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለሚያነሣ ነጋዴ አያስፈልገውም። ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አድርጎ፥ ቀዳዳውን እስከ 8 አጥብቦ፥ መዝጊያውን ማዘግየት ይበቃዋል። ሰው በሚንቀሳቀስበትና ብርሃን ባነሰበት ስፍራ ለሚያነሣ ግን ፈጣኑ ሌንስ ዋጋውን ይከፍላል። በአንዳንድ ሌንስ ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የአንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ ያበርዳል እንጂ የሸማኔውን እጅ ሊያቆመው አይችልም።

ሦስተኛ፤ የትኛው ይሻላል? የካሜራ ሠሪዎቹ ባለ 2.8 ዙሞች ብዙውን ጊዜ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ታምሮንና ሲግማ የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች ግን በተሻለ ዋጋ ያቀርባሉ። አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው ባለ መስታወት ካሜራዎች ታምሮን እ.ኤ.አ. በ2006፥ ሲግማም በ2010 ባለ 17-50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አውጥተዋል፤ ሁለቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.8 ናቸው። እነዚህን ካገለገሉ ዕቃዎች መካከል ማግኘት ይቻላል። መስታወት ለሌላቸው የሶኒ ካሜራዎች ደግሞ፥ ሴንሰሩ አነስተኛ ከሆነ ሲግማ በ2021 ያወጣው 18-50፥ ሙሉ ከሆነ ታምሮን በ2018 ያወጣው 28-75 ተስማሚ ናቸው።

አራተኛ፤ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ። ሌንሱ የሚገጠምበት አፍ ከካሜራው ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ነው፤ የካኖን በኒኮን ላይ አይገጥምም። መግጠሙም ብቻ አይበቃም። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የትኩረት ሞተር ስለሌላቸው፥ ሞተር የሌለው ሌንስ በእነርሱ ላይ በራሱ አያተኩርም። እኔም ዋጋው ረክሶ ስላገኘሁት ብቻ እንዲህ ያለውን ሌንስ ገዛሁ። ሻጩ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሊመለስልኝ ስላልቻለ ኪሣራውን ከደመወዜ ከፈልሁ።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ በባትሪ መብራት ውስጡን መመልከት ይገባል፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ስለ ሆነ መተው ይሻላል። የቀዳዳው ቅጠሎች ዘይት እንዳይኖርባቸው፥ ቀለበቱም እንዳይላላ መፈተሽ ያስፈልጋል። በመጨረሻም በራስ ካሜራ ላይ ገጥሞ በ2.8 ማንሣትና የሥዕሉን መካከልና ማዕዘን አጉልቶ መመርመር ነው። ነጋዴ የሆነ ሻጭ ይህን ፈተና መፍቀድ፥ የሌንሱንም ቁጥር በደረሰኙ ላይ መጻፍ ይገባዋል።

በሁለተኛው ሌንስ ያነሣሁት ሥዕል ክሩን አንድ በአንድ ያሳይ ነበር። ገዢው ግን የዚያን ወራት ዕቃ ከሌላ ስፍራ ገዝቶ ስለ ነበር፥ ትእዛዙን የሰጠን በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከሌንሱ ዋጋ ይልቅ የከበደን ያ የባከነው ዓመት ነበር።